ግመል ለማየት ዱባይ ድረስ?

ሰላም የአምዳችን ቤተሰቦች። ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው። ዱባይ ያሉ ሰዎቻችን «ከሰዓት በኋላ በረሃ ወስደን፣ እራት አብልተን፣ ጭፈራ አሳይተን ማታ እንመልሳችሁ» ስለሚሉት ጉዞ። ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ስለሚከብድ ብዙም አልገረመኝም። እኔም አንዴ ሄጄ አይቼዋለሁ። የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጥያቄ፦ ታላቅ እህቴ ዱባይ ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ለታኅሣሥ የጉብኝት ቪዛ እያስጨረሰችልኝ ነው፣ አስር ቀን እቆያለሁ። አንዱን ቀን «ደዘርት ሳፋሪ እወስድሻለሁ፣ ለአንድ ሰው 150 ድርሃም ነው፣ እራትና ጭፈራ አለው፣ ግመልም ትቀመጫለሽ» አለችኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «አባዬ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ እየወሰደኝ ነው ያደግኩት፣ ግመል ለማየት ነው እንዴ ዱባይ የምመጣው?» አልኳት። ተቀየመችኝ። ለመሆኑ 150 ድርሃም ያወጣል? እዚያ ምንድን ነው የሚደረገው? ምንስ ልልበስ?
*ስሜ ይቆይ፤ ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ*

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስልክሽን አንሺና ደውዪላት። «እሺ፣ እንሄዳለን» በያት። ከዚያ ተመልሰሽ ቀሪውን አንብቢ።

ለምን መሰለሽ? እህትሽ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ኖራ በረሃውን ያየችው በአውሮፕላን መስኮት ብቻ ሊሆን ይችላል። ለራሷ ብላ 150 ድርሃም አታወጣም። ያን ያህል ገንዘብ በእጇ ስትይዝ የሚታያት የእናንተ ቤት ጣሪያ ወይ የወንድማችሁ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። አሁን አንቺ ስትሄጂ ሰበብ አገኘች፤ «እህቴን ላዝናናት» ብላ እሷም ትዝናናለች። ግምት ነው፣ ልሳሳት እችላለሁ። ግን ሰው ጋ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። መጀመሪያ ከሰዓቱ ተጠንቀቂ። እኔ የሄድኩ ጊዜ «3፡00 ላይ ሆቴሉ በር ላይ እንገኛለን» የሚል መልእክት በዋትስአፕ ላኩልኝ። ከደሴ ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ቀኔ ነው። ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ቁርሴን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ፣ ጃኬቴን ክንዴ ላይ ጥዬ ሆቴሉ በር ላይ ቆምኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። ጥበቃው አዝኖ ወንበር አመጣልኝ። በኋላ መልእክቱን ሳሳየው «ይኼ እኮ ከሰዓት በኋላ ነው» ብሎ እየሳቀ ወንበሩን መልሶ ወሰደ። የእነሱ 3፡00 የእኛ 9 ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ዱባይ ከኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ስልክሽ በራሱ ካላስተካከለ አንቺ አስተካክዪው።

መኪናው ብዙ ጊዜ ላንድክሩዘር ነው። ስድስት ሰባት ሆናችሁ ከማታውቁት ሰው ጋር ትሳፈራላችሁ። አብዛኛው ሰው የሚወሰደው ላህባብ ወደሚባለው በረሃ ነው፣ ወደ ሐታ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። የላህባብ አሸዋ ቀይ ነው። ያቀላው በውስጡ ያለው የዛገ ብረት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አዘንብላ ስታገኘው እንደ ሸክላ ይሆናል።

አስፋልቱ ሲያልቅ መኪናው ይቆማል። ሾፌሩ ይወርድና ጎማዎቹን አንድ በአንድ ያስተነፍሳል። ሲስስ የሚለውን ስሰማ ጎማ የፈነዳብን መስሎኝ ነበር። የኛው ሾፌር ሰውዬው ወግ ወዳድ ስለነበር መለኪያውን እያሳየ ነው ከ35 ወደ 15 አካባቢ ያወረደው። ጎማው ሲላላ መሬቱ ላይ ይዘረጋል፣ የመኪናው ክብደት ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ አይሰምጥም። የግመል እግር ሰፊና ለስላሳ የሆነው ለምን ይመስልሻል? ነገሩ ያው ነው።

ከዚያ ግልቢያው ይጀምራል። ሽቅብ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሰማይ ብቻ ነው የሚታይሽ፣ ወዲያው አፍንጫውን ደፍቶ ይወርዳል፣ ሲለው ደግሞ በጎኑ ይንሸራተታል። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፣ ሃያ ደቂቃ ላይ የሚያቆሙም አሉ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ መንገዱን ሁሉ «ያ ረቢ!» እያለች ጨረሰችው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጪ ሐረጎ ላይ ፌስታል የምትይዢ ዓይነት ሰው ከሆንሽ እዚህም ያዢ። ምሳ ቀለል አድርገሽ ቀደም ብለሽ ብዪ። ከኋላው ረድፍ ሽሺ፣ የሚንጠው እዚያ ነው። ካጥወለወለሽ ሳታፍሪ «ቀስ በልልኝ» በዪው፤ መኪናውን ማጠብ እሱም አይፈልግምና ይሰማሻል። ቀበቶ ሳታስሪ እንዳትንቀሳቀሺ፤ ይኼን እንደ ዘመድ ሳይሆን እንደ ትራፊክ ነው የምነግርሽ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከፍ ያለ የአሸዋ ጀርባ ላይ ያቆማችኋል። በታኅሣሥ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ሌሎች መኪኖችም እዚያው ይደረደራሉ፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ላይ ነው። አንቺም ተነሺ፣ እህትሽንም አንሻት። ከዚያ ስልኩን ኪስሽ ክተቺ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ ከመኪኖቹ ሃምሳ እርምጃ ራቅ በዪ። አሸዋው ከላይ ቶሎ ይቀዘቅዛል። እግርሽን ስትቀብሪው ግን ከስር ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ይዞ ታገኚዋለሽ። ነፋሱ ዱካሽን ዓይንሽ እያየ ይሞላዋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለኔ 150 ድርሃሙ እዚህ ጋ ሒሳቡን ዘጋ። ሌላው ምርቃት ነው።

ምርቃቱን ልዘርዝርልሽ። ካምፑ በአጥር የተከበበ ሜዳ ነው፣ መሃሉ ላይ መድረክ አለ፣ ዙሪያውን ምንጣፍ፣ ትራስና ዝቅ ያለ ጠረጴዛ። ስትገቢ ቴምርና ጋህዋ ይሰጡሻል። ጋህዋው ቡና ነው ቢሉሽም የኛ ቡና አይደለም፤ ቀጭን፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ሄል የበዛበት ነው። ፍንጃሉን አይሞሉልሽም፣ ከታቹ ጠብ ያደርጉልሽና ስትጨርሺ ደግመው ይቀዱልሻል። እንዲያቆሙ ከፈለግሽ ፍንጃሉን በእጅሽ ነቅነቅ ታደርጊዋለሽ። እኔ ይህን ሳላውቅ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ ሦስት ላይ ያቆማሉ ስል ወደ ስድስት ደረስኩ።

ግመሉ ላይ ያልሽው ልክ ነው፣ ብዙ አትጠብቂ። አንዱ ከአንዱ ጋር የታሰሩ ግመሎች ሁለት ሁለት ሰው ጭነው አንድ ዙር ይዞራሉ፣ በቃ፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሲነሳ በኋላ እግሩ ስለሚጀምር ወደ ፊት ይደፋሻል፣ ወደ ኋላ ለጠጥ በዪ። ሲበረከክም እንደዚያው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባቲ ላይ ግመል ሲሸጥ፣ ሲለወጥ፣ ጭነት ተሸክሞ ሲሄድ አይተሻል። ተቀምጠሽበት ታውቂያለሽ? እኔ ስንት ዓመት ባቲ ተመላልሼ አንድ ቀን ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

ጭልፊት ክንድሽ ላይ አስቀምጠው ፎቶ ያነሱሻል። በነገራችን ላይ እዚያ አገር ጭልፊት ፓስፖርት አለው። ቀልድ አይደለም፣ ድንበር ሲሻገር የራሱን ፓስፖርት ይዞ ነው። እኛ ፓስፖርት ለማውጣት ስንት ቀን እንደምንሰለፍ ሳስብ ወፉን ቀናሁበት። ሂናም ይቀቡሻል፣ ትንሽ አበባ ቢጤ። ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ተቀቢ። ድቅድቅ ያለ ጥቁር ከሆነ ግን እጅሽን ሰብስቢ፤ ጥቁር የሚያደርጉት የፀጉር ቀለም ኬሚካል እየጨመሩበት ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል።

እራቱ ሰልፍ ነው፣ ሳህንሽን ይዘሽ ታነሻለሽ። የተጠበሰ ዶሮ፣ ከባብ፣ ሩዝ፣ ሰላጣ፣ ሁሙስ፣ ዳቦ። ለጣፋጭ ደግሞ በቴምር ሽሮፕ የራሱ ትንንሽ የፓስቲ ኳሶች የመሰሉ አሉ፣ እነሱን እንዳታልፊያቸው። ምግቡ አልጫ ነው። ሚጥሚጣ በወረቀት ጠቅልለሽ ቦርሳሽ ውስጥ ጣል አድርጊ፣ እህትሽ ትመርቅሻለች።

ከዚያ ጭፈራው። አንዱ ታኑራ ይባላል፤ ሰውዬው መብራት የተሰካበት ድርብርብ ቀሚስ ለብሶ ሳያቋርጥ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ አንቺ ተቀምጠሽ ያዞርሻል። መነሻው ግብፅ ነው፣ ከሱፊዎች ዝክር የመጣ ነው። እሳት የሚተፋ ሰው ይመጣል፣ የሆድ ዳንስም አለ። የዱባይ ሰዎች የራሳቸው ባህል መስሎሽ እንዳትመለሺ። የእነሱ አያላ የሚባለው ነው፤ ወንዶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው ዱላ ይዘው የሚወዛወዙት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 የመዘገበው። እሱን ካምፕ ውስጥ እምብዛም አታገኚውም።

ገንዘቡን በተመለከተ። ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንዱ ዶላር 3.67 ድርሃም፤ ስለዚህ 150ው ወደ 41 ዶላር ነው። ወደ ብር እንዳትመነዝሪው፣ ከመነዘርሽው እራቱ አይወርድልሽም። ይህ ዋጋ ለጋራ መኪና ነው። ገንዘብ የሚያልቀው በመንገድ ላይ ነው። በረሃው ከመጀመሩ በፊት አንድ ሱቅ ጋ ያቆሙሻል፣ እዚያ የራስ መጠምጠሚያ በእጥፍ ዋጋ ይሸጡልሻል። ነጠላሽን ይዘሽ ሂጂ፣ አሸዋ ለመከላከል ከሱ የሚሻል የለም። ባለ አራት ጎማ ሞተር ብቻውን ይከፈላል። ፎቶ አንሺው፣ ሺሻው፣ ምግብ ቁጭ ባልሽበት የሚያመጡልሽ «ቪ አይ ፒ» ወንበር፣ ሁሉም ተጨማሪ ነው። እህትሽ ስትከፍል የትኛው እንደተካተተ በጽሑፍ ትጠይቅ። ሞተሩን ብትተዪው ምንም አይቀርብሽም።

ልብስ፦ ሰፋ ያለ ሱሪ፣ ክፍት ነጠላ ጫማ፣ ጃኬት። የታኅሣሥ በረሃ ማታ ይበርዳል። ደሴ ላደገ ሰው ብርድ ማስተማር ባይገባኝም፣ ሰው «በረሃ ነው» ብሎ በቲሸርት ሄዶ ሲንዘፈዘፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ጋቢ ካለሽ ያዢ። ማታ ሦስት፣ ሦስት ተኩል ላይ ቤት ትገቢያለሽ።

ጥያቄ፦ ልጃችን ሻርጃ ነው የሚሠራው፤ እኔንና እናቱን ሊያስጎበኘን ጠርቶናል። በረሃ እወስዳችኋለሁ ይላል። እኔ 67 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ጉልበቷን ያማታል፣ የደም ግፊትም አለባት። የሶላት ነገርም ያሳስበናል። ደግሞ የሆድ ዳንስ አለ ሲባል ሰምተን ግራ ገባን።
*ከሐይቅ*

መልስ፦ አባቴ፣ አብሽሩ። መላ አለው። መኪናው አሸዋ ላይ የሚጋልበው ጉዞ ለእናታችን አይሆንም። የልብ፣ የወገብ፣ የአንገት ችግር ላለበትና ለነፍሰ ጡር ኩባንያዎቹ ራሳቸው አትግቡ ይላሉ። የደም ግፊቱን ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪሟን ጠይቁ። ነገር ግን ልጅዎ ሲመዘግብ «አሸዋው ላይ ሳንጋልብ በቀጥታ ካምፕ አድርሱን» ማለት ይችላል። የሚያደርጉት ብዙ ናቸው፤ አስቀድሞ ካልተነገራቸው ግን ያው ከሰው ጋር ይጭኗችኋል፣ መሃል በረሃ ላይ «አውርዱን» አይባልም።

አቅም ካለው ደግሞ ጸጥ ያለውን ዓይነት ይፈልግላችሁ። ዱባይ 225 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ጥብቅ የበረሃ ቦታ አላት፣ ከግዛቷ 5 በመቶ ያህል ነው። እዚያ መኪና እንደልቡ አይፈነጭም፣ በዝግታ እየሄዱ ነጫጭ ኦሪክስ የሚባሉትን የበረሃ እንስሳት ያሳያሉ። ዋጋው ከተራው በጣም ይበልጣል። እኔ የእናንተን ዕድሜ ብሆን አንድ ጊዜ ከፍዬ እሱን እመርጥ ነበር።

ሁለት ነገር ያስጠይቁ። አንደኛ ወንበር መኖሩን፤ መሬት ላይ ትራስ ብቻ ከሆነ ጉልበት የታመመ ሰው መቀመጡን ይቀመጣል፣ መነሳቱ ነው ጭንቁ። ሁለተኛ መጸዳጃ ቤቱ ከመቀመጫው ምን ያህል እንደሚርቅ፤ በማታ አሸዋ ላይ መራመድ ያደክማል። እናታችን ግመል ላይ እንዳትወጣ፣ ልጅዎ ቢለምናትም።

መግሪብ የሚደርሰው መኪናዎቹ ለፀሐይ መጥለቂያ በቆሙበት ወይም ካምፕ በምትገቡበት ሰዓት ነው። አገሩ የሙስሊም አገር ነው፣ ሾፌሩን ቢነግሩት ይቆማል፣ ካምፖቹም በብዛት መስገጃ አላቸው። የሆድ ዳንሱ ከእራት በኋላ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከካምፑ ዳር ወጥታችሁ ኮከብ እያያችሁ ቡና ብትጠጡ ማንም ምን ሆናችሁ አይላችሁም። ጭራሽ እንዳይኖር ከፈለጋችሁ በረመዳን ይሂዱ፤ በረመዳን አብዛኞቹ ካምፖች ዳንስና ሙዚቃውን ያቆማሉ፣ መጠጥም አያቀርቡም። እራቱ ኢፍጣር ይሆናል።

ጥያቄ፦ ታኅሣሥ ላይ ነው የምሄደው፣ ጾም ነው። ሥጋውም የእነሱ ነው። እራቱን ከፍዬ ጾሜን ላድር ነው?
*ወለተ ማርያም ነኝ፤ ከደሴ*

መልስ፦ አታድሪም። ገና ድረስ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ጥያቄሽ ልክ ነው፣ ሥጋውም ሁሉ ሐላል ነው። እዚህ ወሎ አንድ ሰርግ ላይ የእስላምና የክርስቲያን ድንኳን ለይቶ ማብላት ለለመደ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም፤ እዚያ ግን ድንኳኑ አንድ ነው፣ የምትለዪው በሳህንሽ ነው።

ሁሙስ የሽምብራ ነው፣ ከሰሊጥ፣ ከሎሚና ከዘይት ጋር የተፈጨ። ከሹሮና ከስልጆ ጋር ላደገ ሰው ዘመድ ነው። ፈላፍል ይኖራል፣ ያም ሽምብራ ነው። ታቡሌ የሚባል ቅጠል የበዛበት ሰላጣ አለ። ከተጠበሰ ደበርጃን የሚሠራውን ግን ጠይቂ፣ እርጎ የሚጨምሩበት አሉ። ነጭ ሆኖ ወፈር ያለው ሁሉ እርጎ ነው ብለሽ እለፊው። ሩዙንም ጠይቂ፣ በቅቤ ወይ በሥጋ መረቅ የሚቀቅሉት አለ። ስትመዘገቢ «ቪጋን» የሚለውን ቃል ተጠቀሚ። «ቬጀቴሪያን» ካልሽ ወተትና አይብ ያመጡልሻል። ቴምሩን ደግሞ ማንም አይቆጥርብሽም።

ጥያቄ፦ እኔ እዚያው ዱባይ ነው ያለሁት፤ ይህን መጽሔት ታናሽ እህቴ ገጹን በስልክ እያነሳች ትልክልኛለች። የዕረፍት ቀኔ እሑድ ነው፣ ማዳም ግን ማታ በሁለት ሰዓት ግቢ ትለኛለች። አንድ ልጅ ደግሞ በቲክቶክ «በነጻ በረሃ ልውሰድሽ» ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
*የከሚሴ ልጅ*

መልስ፦ የልጁን ነገር ላስቀድም። አትሂጂ። ማንም ሰው መኪና ሞልቶ፣ እራት ገዝቶ፣ ለማያውቃት ሴት በረሃ መሃል በነጻ ግብዣ አይደግስም። እዚያ ቦታ ኔትወርኩም አንዳንዴ ይጠፋል። ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር ብቻ ሂጂ፤ ዱባይ ውስጥ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢኮኖሚና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ ነው። ከጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ ተመዝገቡ፣ የምትሄጂበትን ካምፕ ቦታ ለአንድ ሰው ላኪ።

የሰዓቱ ነገር ከባድ ነው። የማታው ጉዞ የሚመልስሽ ሦስት፣ ሦስት ተኩል ላይ ነው፣ መንገድ ከተዘጋ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው ዕረፍት ይሰጥሻል፣ ፓስፖርትሽም አንቺ ጋ ነው መቀመጥ ያለበት። ይህን እወቂ። ግን ሕጉን ይዘሽ ከማዳም ጋር በሩ ላይ ከመከራከር ሳምንቱን ቀደም ብለሽ «በዚህ እሑድ አራት ሰዓት እገባለሁ» ብሎ መነጋገሩ ይቀላል። የቦታ ማስያዣውን አሳያት። እምቢ ካለች የጠዋቱን ጉዞ ያዢ። እራትና ጭፈራ የለውም፣ አሸዋውና ግመሉ ግን አለ፣ ለምሳ ትመለሻለሽ፣ ዋጋውም ይቀንሳል። አገሩ የሳምንት ዕረፍቱን ወደ ቅዳሜና እሑድ ካዞረ ወዲህ ቅዳሜ ማታ ይጨናነቃል፣ ያንቺ እሑድ ትንሽ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ቱሪዝም ነው የተማርኩት። ይኼን ነገር ባቲ ላይ ለምን አንሠራውም? ግመል አለን፣ በረሃው ከዚያው ይጀምራል፣ እራትና ሙዚቃውም አያቅተንም። ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

መልስ፦ እኔ አልስቅብህም። ግን ኮፒ እንዳታደርገው።

አሸዋ የለህም። ከባቲ ወደ ሚሌ ስትወርድ ያለው ድንጋይ፣ እሾህና ቁጥቋጦ ነው። እዚያ ላይ ላንድክሩዘር እጋልባለሁ ካልክ የምታተርፈው ጎማ መቀየር ነው። ግመሎቹም ለጭነትና ለወተት ያደጉ እንጂ ቱሪስት ለመሸከም የተገሩ አይደሉም። አንዱ ፈረንጁን ይዞ ወደ አፋር ቢሮጥ ምን ልታደርግ ነው? አስር ግመል ከመግዛትህ በፊት ሁለት አስገራና ሞክር፣ ያውም ከልጅነቱ ግመል ሲጠብቅ ካደገ ልጅ ጋር ተሻርከህ።

ያለህ ነገር ሌላ ነው። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደህ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው አንድ ሜዳ ላይ የሚገናኙበት ገበያ አለህ፤ ያንን ዱባይ ገንዘብ ከፍላ አታስመጣውም። ሰው እሑድ ማታ ባቲ ይደር፣ በነጋታው ሰኞ ገበያውን ይይ። እሑድ ማታ እራቱን ከከተማው ወጣ ብለህ አዘጋጅ፣ መብራት አታብዛ፣ ጀነሬተሩን አርቀው። ዱባይ ላይ አንዳንድ ካምፖች ኮከብ ለማሳየት ብለው መብራት ለአምስት ደቂቃ ያጠፋሉ፣ ሰው ያጨበጭባል። አንተ ጋ መብራቱ በራሱ ጊዜ ይጠፋል፣ ማን ሊያጨበጭብልህ!

ሙዚቃውን አስብ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የዚሁ የወሎ ነው። ባቲን ባቲ ላይ፣ ግመሎቹ በተኙበት፣ አንድ ክራር የሚችል ሰው ያለ ድምፅ ማጉያ ሲጫወተው አስበው። የሆድ ዳንስ አትፈልግም። መንዙማን ግን ለቱሪስት እራት ማዳመቂያ እንዳታደርገው፣ ቦታው ሌላ ነው፣ ሽማግሌዎቹም ይቀየሙሃል። ቡናው በሥርዓቱ ይፈላ፣ ሦስቱም ይጠጣ፣ ቡና ቁርሱም አይቅር።

ወራቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፣ ከዚያ በኋላ ቆላው ይፋጃል። መንገዱ ሰላም መሆኑን በየጊዜው አጣራ፣ ለአካባቢው ሰዎች ድርሻቸውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ስጥ፣ ፎቶ ሲነሱም ይጠየቁ፤ ገበያተኛው ለመሸጥ እንጂ ለመታየት አልመጣም። ብር ሲገኝ ደግሞ ድንኳንና መድረክ ላይ እንዳታፈሰው። መጸዳጃ ቤቱን መጀመሪያ ሥራ።